«ሸክም ሆንኩባችሁ» ያለው አባወራ፦ የጉዳይ ጥናት ከሰሜን ሸዋ

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁት ራስን ስለማጥፋት የምናወራው ሁልጊዜ ሰው ከሞተ በኋላ ስለሆነ ነው። «ምን ነክቶት ነው?» እንላለን። «ትናንት እንኳ ደኅና ነበር» እንላለን። በዚህኛው ጉዳይ ግን ሰውዬው በሕይወት አለ። ምን ያስብ እንደነበር ራሱ ነግሮናል። የትኛው ንግግር እንደጎዳው፣ የትኛው እንደረዳው ጠይቀነው መልሷል። እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በሰሜን ሸዋ ደጋ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ጽሑፉ ሲነበብላቸው ባለጉዳዩም ባለቤቱም ፈቅደዋል። ስምና ቀበሌ አልተጻፈም። ማንነታቸውን ሊያሳብቁ የሚችሉ አንዳንድ ነገሮችም ተለውጠዋል።

የኋላ ታሪክ

ባለጉዳዩ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ገበሬ ነው። ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነው። ገብስና ባቄላ ያመርታል፣ ጥቂት በጎችም ነበሩት። ከቤቱ ጀርባ ለክፉ ቀን ያቆያት ባሕር ዛፍም ነበረችው። በአካባቢው ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ተብሎ ነው የሚታወቀው። የእድሩን ገንዘብ የሚይዘውም እሱ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በብድር ነው። እሱና ጎረቤቶቹ በቡድን ተደራጅተው፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ፣ ለማዳበሪያና ለበግ ማድለቢያ ተበደሩ። በዚያ ዓመት ባቄላውን እኛ አገር ቆርምድ የሚሉት በሽታ መታው። ቆርምድ ቅጠሉን አኮማትሮ እባጭ ያወጣበታል፣ ከያዘ ማሳውን እንዳለ ያበላሻል። ገብሱን ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ ውርጭ አገኘው። የደብረ ብርሃንን አካባቢ ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ ሰማዩ የጠራ አንድ ሌሊት ስንት ማሳ እንደሚያቃጥል አይጠፋውም። በዚህ ላይ ከቡድኑ አንዱ ዕዳውን ሳይከፍል አገር ለቆ ሄደ። የሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ወደቀ። ባሕር ዛፏ ተሸጠች። በጎቹም ተሸጡ። ዕዳው ግን አላለቀም።

ብድር ያለበት ገበሬ ብዙ ነው። አብዛኛው ራሱን ለማጥፋት አያስብም። ስለዚህ «ዕዳ ነው እዚህ ያደረሰው» ብሎ መዝጋት አይቻልም። በዚህ ሰው ላይ ሌሎች ነገሮችም ተደራርበዋል። እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ ማታ ማታ አረቄ መጠጣት ጀምሮ ነበር። አረቄው ያስተኛዋል፣ ሌሊት ግን ያነቃዋል፣ ቀን ደግሞ ያጫጨዋል። ከዓመታት በፊትም አጎቱ ራሱን አጥፍቶ ሞቷል። በቤተሰቡ ግን «በድንገት አረፈ» ነው የሚባለው። ልጆቹ እስካሁን አያውቁም።

ይህ መደበቅ የዚህ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ይሞታሉ። ከነዚህም ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በኛ አካባቢ የሟች ቤተሰብ ሐዘኑ ሳያንሰው የፍትሐት ነገር ያሳስበዋል። የሰው አፍ ያስፈራዋል። ስለዚህ ይደብቃል። ነገሩ በዘር ሐረግ ሲደጋገም እንኳ የሚያስተውል አይኖርም።

ምልክቶቹ

ድብርት እኛ ዘንድ ሲመጣ «አዘንኩ» ብሎ አይመጣም። እሱ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣው «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬን ይልጠኛል» ብሎ ነው። ደጋግሞ መጥቷል። የጨጓራና የራስ ምታት መድኃኒት እየተሰጠው ተመልሷል። በወረፋ በተጨናነቀ ቀን «እንቅልፍህስ? ሐሳብህስ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ቤት ውስጥ ግን ብዙ ነገር ይታይ ነበር። ገና ዶሮ ሳይጮህ ነቅቶ ይቀመጣል። ምግብ አያምረውም፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሰንበቴ መሄድ ትቷል። የእድሩን ገንዘብ «እኔ አልችልም» ብሎ አስረክቧል። ሚስቱን «ሸክም ሆንኩባችሁ፣ እኔ ባልኖር ይቀልላችሁ ነበር» ብሏታል። እሷ እንደ ብሶት ወሰደችው። በችግር ዘመን ማን የማይለው ነገር ነው?

ከዚያ የመሬት ደብተሩን ለታላቅ ወንድሙ ወስዶ «አንተ ጋ ይቀመጥ» አለው። የመጀመሪያ ልጁን ጠርቶ «እናትህን አደራ» አለው። በዚያው ሳምንት ፊቱ ፈታ አለ። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተሻለው» አለ።

ይህንን ምልክት አንባቢ በደንብ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ለወራት የጨለመ ሰው ንብረቱን እያስረከበ፣ እየተሰናበተ፣ ድንገት ሲረጋጋ ተሻለው ማለት ላይሆን ይችላል። ወስኖ ሊሆን ይችላል። እሱም በኋላ ያረጋገጠልን ይህንኑ ነው።

የሰዉ ምላሽ

የመጀመሪያው ያወቀው ወንድሙ ነው። ደብተሩ አጠራጥሮት አንድ ማታ አፋጠጠው። እሱም «መኖር ሰልችቶኛል» አለ። ወንድሙ ደነገጠ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ይቆጣል። «አታፍርም? ወንድ ልጅ እንዲህ ይላል? ልጆችህን ለማን ልትጥል ነው?» አለው። ከዚያም በቅዱስ ሚካኤል ስም አስማለው፤ «እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ አላስብም» በል ብሎ። ማለ።

ወንድሙ ይህን ያደረገው ከፍቅር ነው። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ሐሳቡ በመሐላ አይቆምም፣ ሳይጠሩት ይመጣል። እሱ ደግሞ ለማንም መናገር አልቻለም፤ ቢናገር መሐላውን ማፍረሱን ማመን ሊሆንበት ነው። በድብርቱ ላይ የመሐላ አፍራሽነት ጸጸት ተጨመረበት። በሙያችንም «ራሴን አላጠፋም» ብሎ ማስፈረም ወይም ቃል ማስገባት ሰውን ከሞት እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የሚያረጋጋው ቃል አስገቢውን ነው።

አማቱ «ሰይጣን ነው የተጠናወተው» ብለው ጠበል ወሰዱት። እዚያ ለብቻው አልተወም። የሚያድረው ከሰው ጋር ነው፣ አረቄም የለም። እንቅልፉ ትንሽ ተስተካከለ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ምግቡ አንሶ በጣም ከሳ። ሲመለስም ያንኑ ቤትና ያንኑ ዕዳ አገኘ፤ ሐሳቡም ተመለሰ። «ጠበሉም እኔን እንቢ አለኝ» ብሎ ደመደመ። ያ ድምዳሜ ከሁሉም በላይ ጎድቶታል።

የንስሐ አባቱ ነገር ለየት ይላል። በኑዛዜ ነገራቸው። እሳቸውም በመጀመሪያ የኃጢአቱን ክብደት አስረድተው ጾምና ስግደት ሰጡት። አካሉ ግን ደክሟል፤ ቀኖናውን መፈጸም ሲያቅተው «ለዚህም አልበቃሁም» አለ። የኑዛዜ ምስጢር ስለሆነ ለቤተሰቡ መናገር አይችሉም። ነገር ግን ነገሩ ሲከነክናቸው ጠርተው «ለኔ የነገርከኝን ለሚስትህ ራስህ ንገራት፤ ልጄ፣ እኔም አብሬህ እቀመጣለሁ» አሉት። እሺ አለ። ሦስቱ ተቀምጠው ሚስቱ ሰማች። ምስጢሩን ሳያፈርሱ በሩን ከፈቱለት። ይህን ያሠለጠናቸው ማንም የለም፤ ከራሳቸው ልብ ያገኙት ነው። እኔ ከዚህ ጉዳይ ከተማርኩት ትልቁ ይህ ነው።

ጥያቄው

ሚስትየው ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። በዚያ ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለትንሿ ልጅ ክትባት ወደ ቤታቸው መጣች። ሚስትየው ጓዳ ወስዳ ነገረቻት። ሠራተኛዋ ወጣት ናት፣ በዕድሜ ልጁ ልትሆን ጥቂት ነው የሚቀራት። ግን አልፈራችም። እደጅ ከተቀመጠበት ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ስለ ማሳው አወራችው፣ ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው። ከዚያ «ጋሼ፣ አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ሕይወቱን ለማጥፋት ያስባል። እርስዎስ አስበው ያውቃሉ?» አለችው።

ብዙ ሰው፣ የጤና ባለሙያ ሳይቀር፣ እንዲህ ፊት ለፊት መጠየቅ ይፈራል። «ያላሰበውን ማሳሰብ ነው» ይላል። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። በአክብሮትና በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፣ አያባብስምም። ብዙውን ጊዜ ያቃልላል።

እሱ ወዲያው አልመለሰም። መጀመሪያ የጠየቀው «ፖሊስ ትጠሪያለሽ?» ብሎ ነው። ይህ ፍርሃት በገጠር የተለመደ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋን ወይም የሚረዳን ነው፤ ራሱን ለማጥፋት ያሰበን ወይም የሞከረን ሰው አይከስም። እሷም «ማንም አይመጣብዎትም፣ የመጣሁት ላግዝዎት ነው» አለችው።

ከዚያ ተናገረ። «መሞት አምሮኝ መስሎሽ ነው? ይህ ሐሳብ አንድ ቀን እንኳ ዝም ቢልልኝ ነው የፈለግሁት» አላት።

የሚያስበው ያለማቋረጥ አልነበረም። ሌሊት ከእንቅልፍ ሲነቃና ጠጥቶ በነበረበት ቀን ይበረታል፣ ረፋድ ላይ ቀለል ይላል። ልጆቹ ትዝ ሲሉት ይገታዋል። ግን ያው ሐሳብ ይጠመዝዘውና «ለነሱ ብዬ ነው» ይለዋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ጭካኔ ወይም ራስ ወዳድነት ይመስላል። ከውስጥ ሲታይ ግን ልጆቹን ከራሱ ሸክም ማዳኑ ነው። በድብርት የታመመ አእምሮ ሒሳቡን የሚያሰላው እንዲህ ነው። ለዚህ ነው «ለልጆችህ ስትል» የሚለው ተግሣጽ ያልሠራው። እሱ አስቀድሞ ስለ ልጆቹ ሲያሰላ ነበር፤ የተሳሳተው ስሌቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀጥላ እንዴት እንዳሰበና መቼ እንዳሰበ ጠየቀችው። ከዚያም ከፈቃዱ ጋር ሁለት ነገር በዚያው ቀን ተደረገ። በቤቱ የነበረው የእርሻ ኬሚካል ወጥቶ ወንድሙ ቤት በቁልፍ ሳጥን ውስጥ ገባ። እሱም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ለብቻው እንዳያድር ተስማሙ።

«ሰው ከቆረጠ ምን ይከለክለዋል?» የሚሉ አሉ። እውነቱ ግን ከባዱ ማዕበል ብዙ ጊዜ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። በዚያ ሰዓት አደገኛ ነገር ከእጅ ከራቀ ሰው ይተርፋል። ስሪ ላንካ በጣም መርዛማ የሆኑ የእርሻ ኬሚካሎችን ደረጃ በደረጃ ካገደች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ራስን በማጥፋት የሚሞተው ሰው ቁጥር በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። እኛ ቀበሌ ያለን አንድ ሳጥንና አንድ ቁልፍ ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ነው።

በማግስቱ ከሚስቱና ከወንድሙ ጋር ወደ እኛ ጤና ጣቢያ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለሌለባቸው ጤና ተቋማት ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት ነው የምንሠራው። ከባድ ድብርት ነበረበት። ደብረ ብርሃን ለስፔሻሊስት ምርመራ ላክነው። የዓመቱን የጤና መድን መዋጮ በብድሩ ምክንያት አልከፈለም ነበር፤ የትራንስፖርቱንና የሕክምናውን ወጪ ወንድሙ ሸፈነ። እዚያ ተመርምሮ መድኃኒት ታዘዘለትና ክትትሉ እኛ ጋ እንዲሆን ተመለሰ።

መድኃኒቱን የምንሰጠው ለሳምንት የሚሆነውን ብቻ ነበር፣ የምትይዘውም ሚስቱ ናት። ለቤተሰቡ ሁለት ነገር አስረግጠን ነገርናቸው። መድኃኒቱ በሁለት ቀን አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ደግሞ አንዳንድ ሰው ስሜቱ ሳይስተካከል ጉልበቱ ቀድሞ ሊመለስ ስለሚችል፣ «በርትቷል» ብላችሁ ጥበቃውን አታላሉ። አረቄውንም እንዲተው ተስማማን።

ከእሱ ጋር አንድ ወረቀት ጻፍን። ሐሳቡ ሊበረታ ሲል ምን ይሰማዋል? መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ማንን ይቀሰቅሳል? ማን ጋ ይደውላል? ሁሉም በሱ ቃል ነው የተጻፈው። የመጀመሪያው መስመር «ደረቴ ሲከብደኝ ከአልጋ ተነስቼ እሳት አነዳለሁ» ይላል። የመጨረሻው «ወንድሜን እቀሰቅሳለሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ ይወስደኛል» ይላል።

የወንድሙን ለውጥ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ያ የተቆጣው ሰው፣ ነገሩ ሲገባው መሐላውን ራሱ ፈታው። «ያስማልኩህ ደንግጬ ነው፣ በል አሁን የመጣብህን ንገረኝ» አለው። ለሳምንታት እዚያው አደረ። ጠዋት ወንፈል ብሎ ይዞት ይወጣል። ብዙ አያወሩም፤ ያርሳሉ፣ ይኮተኩታሉ። ባለጉዳዩን ከሁሉም የረዳህ ምንድን ነው ስንለው ከመድኃኒቱ በፊት ይህንን ነው የሚጠራው። ንስሐ አባቱም ስግደቱን አንስተው «ቀኖናህ መድኃኒትህን መዋጥና ሰንበቴ መምጣት ነው» አሉት። ጠበልና መድኃኒት አብሮ እንደሚሄድ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉዳይ በ1999 ዓ.ም. የተናገሩትን እያስታወሱ ለአማቱም ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

ያልሠራው

ሁሉም አልተሳካም። እድሩ በቅንነት ተሰብስቦ ገንዘብ ሊያዋጣለት አሰበና ነገሩን በስብሰባ ላይ አነሳው። ወሬው ወጣ። ልጁ ትምህርት ቤት «አባትህ አበደ» ተብሎ ተደባድቦ መጣ። ባለጉዳዩ ለሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም። ገንዘቡንም አልወስድም አለ። ትናንት የእድሩ ገንዘብ ያዥ የነበረ ሰው ዛሬ በአደባባይ ተለምኖለት መቀበል ምን ያህል እንደሚከብድ ማሰብ አያስቸግርም። በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች በዝምታ ወደ አበዳሪው ተቋም ሄደው የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም አስማሙ። የሠራው ይኸኛው ነው። ዕዳው ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላለቀም።

አንድ ጊዜ መድኃኒቱ ከእኛ ጤና ጣቢያ ጠፋ። ከከተማ የግል መድኃኒት ቤት መግዛት ነበረባቸው። በዚህ መሃል ለቀናት ሳይወስድ ቆየ፣ እንቅልፉም ተበላሸ። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ ስለዚህ አሁን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሚስቱ ትደውላለች።

ፋሲካ ደግሞ ከባድ ነበር። በግ ማረድ አልቻለም። የጎረቤቱ ደጅ የደስታ ድምፅ ይሰማል። በበዓሉ ሌሊት ሐሳቡ እንደ ድሮው በርትቶ መጣ። እሳት አነደደ፣ አልበቃውም። ወንድሙን ቀሰቀሰው። ወንድሙ አልተቆጣም፣ አልመከረም። ጤና ጣቢያ ይዞት መጣ፣ ተረኛዋ ነርስ ተቀበለችው፤ እስኪነጋ እዚያው ቆዩ። ቤተሰቡ «ተመልሶ አገረሸበት» ብሎ አዘነ። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከወራት በፊት ይህንኑ ሐሳብ ለብቻው ተሸክሞት ነበር። ዘንድሮ ሰው ቀሰቀሰ።

ለሌላ ቦታ የሚተርፈው

በሌላ ቀበሌ ያለ አንባቢ ከዚህ ጉዳይ የሚወስደው ብዙ ነገር አለ። ለእኔ የሚቀድመው ግን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነግረን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ቁጣ፣ ተግሣጽና መሐላ በሩን ይዘጉታል። «እንዲህ ተጨንቀህ ነው እንዴ? በል ንገረኝ፣ የትም አልሄድም» ማለት ይከፍተዋል። መልስ ማወቅ አያስፈልግም። ዝም ብሎ አጠገቡ መቀመጥም ይበቃል። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅም ይቻላል። አዎ ካለ ለብቻው አይተው፤ አደገኛ ነገር ከቤት ይውጣ፤ ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በዚያው ቀን ይወሰድ። ሌሊትም ከሆነ ይነጋ አይባልም።

ምስጢር የሚባል ነገርም አለ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ ልትጠብቁት የማትችሉት ቃል ነውና። ነገር ግን ለሰፈር አታውሩት። ለሚያግዘው ሰው፣ ከተቻለ ራሱ እያወቀ፣ ይነገር። በንስሐ አባቱና በእድሩ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ለእኛ ለባለሙያዎች ደግሞ፣ በጨጓራና በራስ ምታት ደጋግሞ የሚመለስ ሰው ሲያጋጥመን ስለ እንቅልፉና ስለ ሐሳቡ መጠየቅ የደቂቃ ሥራ ነው። ካርዱ ላይ እንዲጻፍ አሁን በጤና ጣቢያችን ተስማምተናል። ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውራለች። ከመሄዷ በፊት አዲሷን ይዛ ቤቱ ድረስ ሄዳ አስተዋውቃለች፤ ይህም በደንብ መታየት አለበት፣ ክትትል የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በዝውውር ነውና።

ባለጉዳዩ አሁን ጥሩ ይተኛል፣ ሰንበቴም ይሄዳል። መድኃኒቱን ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ቢያንስ ለዘጠኝ ወር ይቀጥላል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ስለ አጎቱም ለትልቁ ልጁ ሊነግረው አስቧል፤ እንዴት ብሎ እንደሚነግረው በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረን እንነጋገራለን።